ልማድ፣ ሥርዓት፣ ኪዳን፤ «በጣራ ላይ ያለ ቫዮሊን መቺ» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር ሰምና ወርቅ

በዘፈን የተሠራ ቴአትር በሊቃውንት ዘንድ ብዙ ጊዜ ከመዝናኛ በላይ አይቈጠርም። ግጥሙ ዜማውን ለመከተል የተገጠመ፣ ንግግሩም ተመልካቹን ከአንድ ዘፈን ወደ ሌላው ለማሻገር የተጻፈ ነው ይባላል። ይህ ፍርድ በብዙዎቹ ላይ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን የአንድን ሕዝብ ወግና አኗኗር ርእሱ ያደረገ ቴአትር በተገኘ ጊዜ ነገሩን እንዲሁ ማለፍ አይገባም፤ ያን ሕዝብ ከመጽሐፍ ሊያውቀው ያልቻለ ሰው ሁሉ በመድረክ ላይ ባየው መልክ ሲያስበው ይኖራልና። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ሁለት ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ቃሉ ላይ ላዩን ከሚለው በታች ምን ይላል? ያለውስ ስለሚናገርለት ሕዝብ እውነት ነውን?

ለዚህ ምርመራ የሚስማማው «በጣራ ላይ ያለ ቫዮሊን መቺ» የተባለው የአሜሪካ ሥራ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር በመጥቀስ፣ ይህ ቴአትር በኒውዮርክ ከተማ በኢምፔሪያል ቴአትር ቤት ሴፕቴምበር 22 ቀን 1964 ተከፍቶ እስከ ጁላይ 2 ቀን 1972 ድረስ 3,242 ጊዜ ታየ። ንግግሩን ጆሴፍ ስታይን፣ ግጥሙን ሼልደን ሃርኒክ፣ ዜማውን ጄሪ ቦክ ደረሱት፤ ዝግጅቱንና ጭፈራውን ጄሮም ሮቢንስ መራው። በ1971 ኖርማን ጁዊሰን ወደ ሲኒማ አወጣው። ስሙ የሠዓሊውን የማርክ ሻጋልን ሥራዎች የሚያስታውስ ነው፤ በእነዚያ ሥዕሎች ቫዮሊን የያዘ ሰው ከመንደር ቤቶች ጣራ በላይ ይታያልና።

መሠረቱ ግን ከአሜሪካ አይደለም። በዪዲሽ ቋንቋ የጻፈው ሰሎሞን ራቢኖቪች፣ በብዕር ስሙ ሾሌም አሌኼም፣ በ1859 በዩክሬይን አገር ፔሬያስላቭ በምትባል ከተማ ተወልዶ በ1916 በኒውዮርክ ሞተ። የብዕር ስሙ ትርጓሜ «ሰላም ለእናንተ» ማለት ነው፤ ግእዝ የሚያውቅ አንባቢ «ሰላም ለክሙ» ከሚለው ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው ያያል። ይህ ደራሲ ስለ ወተት ሻጩ ስለ ቴቭየ የጻፋቸውን ታሪኮች ከ1894 እስከ 1914 ድረስ አንድ በአንድ አወጣቸው። ቴአትሩ የተቀዳው ከእነዚህ ነው።

የቴአትሩ ሰም ቀላል ነው። ዘመኑ 1905 ነው፤ አገሩም የሩሲያ ቄሳር ግዛት፣ አይሁድ እንዲኖሩበት ከተፈቀደላቸው ወሰን ውስጥ ነው። ይህ ወሰን በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተደንግጎ እስከ 1917 ድረስ የቈየ ነበር። በ1882 የወጣው ደንብ ደግሞ አይሁድ በዚያው ወሰን ውስጥ እንኳ በገጠር አዲስ መኖሪያ እንዳያቆሙ ከለከላቸው። ቴቭየ በአናቴቭካ ከሚስቱ ከጎልዴና ከአምስት ሴቶች ልጆቹ ጋር በድኽነት ይኖራል። ሦስቱ ታላላቆች ለጋብቻ ደርሰዋል። የመጀመሪያይቱ ጸይትል፣ አባቷ ለሀብታሙ ባለ ልኳንዳ ለላዛር ቮልፍ ሊሰጣት ቃል ከገባ በኋላ፣ የምትወደውን ድኻውን ልብስ ሰፊ ሞትልን ታገባለች። ሁለተኛይቱ ሆድል፣ አብዮተኛ የሆነው ተማሪ ፔርቺክ ተይዞ ወደ ሳይቤሪያ በተጋዘ ጊዜ ተከትላው ትሄዳለች። ሦስተኛይቱ ሐቫ ከሃይማኖቷ ውጭ የሆነውን ሩሲያዊ ፍዮድካን በስውር ታገባለች። በመጨረሻም መንደሩ በሙሉ በመንግሥት ትእዛዝ ይሰደዳል። ይህን ያየ ሰው ልጆች ከአባቶች ወግ ወጡ፣ አሮጌው ዘመንም አለፈ ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ ቴአትር በየጊዜው የሚባለውም ይኸው ነው።

ወርቁን ለማግኘት ከመግቢያው ዘፈን መነሣት ያስፈልጋል። ቴአትሩ ገና በመዘጋጀት ላይ ሳለ ሮቢንስ ሥራው ስለ ምን እንደ ሆነ ደራሲዎቹን ደጋግሞ ይጠይቃቸው እንደ ነበር ራሳቸው ተርከዋል። ስለ አንድ ወተት ሻጭና ስለ ልጆቹ ነው የሚለው መልስ አላረካውም። የአንድ ሕዝብ የኑሮ ወግ ስለ መለወጡ ነው የሚል መልስ በመጣ ጊዜ ግን፣ እንግዲያውስ ያ ወግ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ለተመልካቹ ይታየው አለ። ስለዚህ ለሰንበት የሚጣደፍ ቤተ ሰብን ያሳይ የነበረው የመጀመሪያ ዘፈን ቀርቶ፣ መንደሩ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየዞረ ወጉን የሚያወድስበት ዘፈን በቦታው ተተካ።

በዚህ ዘፈን ውስጥ ከአባት ለልጅ የተላለፈው ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራል። የአማርኛ አንባቢ ግን ያን ቃል በአንድ ቃል ለመተርጐም ይቸግረዋል፤ በአማርኛ ልማድ ሌላ፣ ሥርዓት ሌላ፣ ኪዳን ሌላ ነውና። ልማድ ሰው ምክንያቱን ሳይጠይቅ የሚያደርገው ነው። ሥርዓት ማን ማንን እንደሚያዝ፣ ለማን ምን እንደሚገባው የሚወስነው ነው። ኪዳን ግን አንድ ሕዝብ በእግዚአብሔር ፊት ሕዝብ የሆነበት፣ ራሱንም ከሌላው የሚለይበት ነው። በመግቢያው ዘፈን ሦስቱም ተደባልቀው ይቀርባሉ። አባቶችና እናቶች፣ ወንዶች ልጆችና ሴቶች ልጆች በየተራ ተነሥተው የየድርሻቸውን ሲዘምሩ፣ የሚዘመረው ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሰው ማን እንደ ሆነና እግዚአብሔር ከእርሱ ምን እንደሚሻ ያውቃል ሲባል፣ የሚነገረው ኪዳን ነው። ቴቭየ ስለ ራስ መሸፈኛውና ስለ ጸሎቱ ልብስ ሲናገር ደግሞ ወጉ ከየት እንደ መጣ እንደማያውቅ በግልጽ ያምናል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ነገር ግን በልብሱ ጫፍ ላይ የሚደረገው ዘርፍ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 15 የታዘዘ ነው። እንግዲህ ቴቭየ በሕግ የተጻፈውን እንደ ልማድ ቈጥሮታል ማለት ነው። ሣቁ የተሠራው በዚህ መደባለቅ ላይ ነው፤ ኋላ የሚመጣውም ኀዘን የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው። ሦስቱ ልጆች በመግቢያው በአንድ ቃል የታሰሩትን ሦስት ነገሮች በየተራ እየፈቱ ይለያዩዋቸዋል፤ የቴአትሩ ወርቅ ይህ ነው።

በጸይትል የተፈተነው ልማድ ነው። ጋብቻ በአማላጅዋ በየንቴ በኩል በወላጆች ስምምነት ይፈጸማል፤ ሴቶች ልጆቹም ስለዚህች ሴት በሚዘፍኑት ዘፈን መልካም ባል እንድታመጣላቸው በደስታ ጀምረው፣ የምታመጣው ሽማግሌ ወይም ክፉ ሰው ቢሆንስ ብለው በፍርሃት ይጨርሳሉ። ቴቭየ የልጁን እንባ አይቶ ከላዛር ቮልፍ ጋር ያደረገውን ውል ሊያፈርስ በፈለገ ጊዜ ስለ ወጣቶች ነጻነት ለሚስቱ አይሰብክም። ሕልም ይፈጥራል። በሕልሙ የሞቱት አያት ከመቃብር ተነሥተው ልብስ ሰፊውን ይመርቃሉ፤ የላዛር ቮልፍ ሟች ሚስት ደግሞ በቅናት ተቈጥታ ትዝታለች። ጎልዴም አምና ትቀበላለች። ልማድ የተሻረው በአባቶች ስም ነው፤ ቴቭየ አዲሱን ነገር ለማስገባት የተጠቀመበት መሣሪያ ከአሮጌው ቤት የተገኘ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ይላል እያለ የገበያ ምሳሌ ሲናገርና የረቢው ልጅ ሲያርመው የሚታየውም ጠባዩ ይኸው ነው። ለቴቭየ መጽሐፉ የተዘጋ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ የሚነጋገረው ባልንጀራው ነው።

በሆድል የተፈተነው ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ የንግግሩ ጸሐፊ ቃላቱን በጥንቃቄ መርጧል። ሞትል የአባቲቱን ፈቃድ ለምኖ ነበር። ፔርቺክና ሆድል ግን ፈቃድ እንደማይጠይቁ፣ የሚሹት ምርቃት ብቻ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ፈቃድ የሚሰጥ አባት አዛዥ ነው፤ ምርቃት የሚሰጥ አባት ግን አባት ብቻ ነው። ቴቭየ በአንድ በኩል እንዲህ ነው፣ በሌላ በኩል ደግሞ እንዲህ ነው እያለ ከራሱ ጋር ከተከራከረ በኋላ ሁለቱንም ይሰጣል፤ ይኸውም ያጣውን ሥልጣን በገዛ እጁ የሰጠ ለመምሰል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሚስቱ ሄዶ ትወደው እንደ ሆነ ይጠይቃታል። በመጀመሪያው ዘፈን የባልና የሚስት ድርሻ ተዘርዝሮ ነበር፤ ፍቅር ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ጎልዴ ጥያቄውን እንደ እብደት ቈጥራ 25 ዓመት ሙሉ ያጠበችውን፣ የቀቀለችውን፣ ያለበችውን፣ የወለደችውን ትዘረዝርለታለች። የግጥሙ ብልኅነት ይህን የሥራ ዝርዝር የፍቅር ማስረጃ ወደ መሆን ማድረሱ ላይ ነው። አዲሱ ዘመን በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ስሙ ሳይጠራ የኖረውን ነገር ስም እንዲያገኝ አደረገ እንጂ ከውጭ አላመጣውም። ስለዚህ ሥርዓቱ ፈረሰ ከማለት ይልቅ ተተረጐመ ማለት የበለጠ እውነት ነው።

በሐቫ የተፈተነው ኪዳን ነው። እርስዋ ፈቃድም ምርቃትም አስቀድማ አላገኘችም፤ ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ እንዲቀበላት ብቻ አባቷን ትለምናለች። ቴቭየ እንደ ልማዱ ክርክሩን ይጀምራል፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ የክርክሩ ሁለተኛ ወገን ይጠፋበታል። ከዚህም ወዲያ ቢታጠፍ እንደሚሰበር አውቆ ፊቱን ያዞራል። የዘመኑ ተመልካች ልቡ ወደ ልጅቱ ማዘንበሉ የታወቀ ነው፤ አባቲቱንም በግትርነት ይወቅሰዋል። ጽሑፉ ግን ይህን ፍርድ ቀላል አላደረገውም። ከዚህ በፊት በጸይትል ሠርግ ቀን የመንግሥት ሰዎች መጥተው ድግሱን በትነዋል፤ የሙሽሮቹን ስጦታ ሰብረዋል። ፍዮድካ በግሉ ደግ ሰው ነው፤ የመጣው ግን ትእዛዝ ከሚሰጠው ወገን ነው። ሐቫ የተሻገረችው ወሰን የሁለት ሃይማኖቶች ወሰን ብቻ አልነበረም፤ የገዢና የተገዢ ወሰንም ነበር። በእኩዮች መካከል ቢሆን ኖሮ የቴቭየ እምቢታ ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። የሚሰደድ ሕዝብ በሩን ሲዘጋ ግን ንቀት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ልክ ነው ብሎ መጨረስም አይቻልም። ቴአትሩ ሁለቱንም ሳይል ይተወዋል፤ በመሰናበቻው ሰዓት ቴቭየ ለሐቫ የሚገባትን የስንብት ምርቃት በለሆሳስ ሲናገር፣ ቃሉን ጸይትል ተቀብላ ለእኅቷ ታደርሳለች። ምርቃቱ ይደርሳል፤ ከአባት አፍ ወደ ልጅ ጆሮ ግን በቀጥታ አይሄድም።

ከሦስቱ ልጆች በኋላ አራተኛው ነገር የሚመጣው ከውጭ ነው። ይህም ገና በመግቢያው ተዘርቶ ነበር። ለቄሳሩ የሚገባ ምርቃት ይኖር እንደ ሆነ ረቢው ሲጠየቅ እግዚአብሔር እንዲባርከውና እንዲጠብቀው ይለምናል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛው «መጠበቅ» የሚለው ግሥ «አርቆ ማቈየት» የሚልም ትርጉም ስላለው፣ ምርቃቱ በመጨረሻው ሐረግ ተገልብጦ ቄሳሩ ከመንደሩ እንዲርቅ የሚለምን ይሆናል። በአንድ ግሥ ላይ የተሠራ ሰምና ወርቅ ነው፤ ቅኔ የለመደ ጆሮ ስልቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እንዲህ ያለው ቃል በኃይለኛ ፊት ግልጹን መናገር የማይችል ሕዝብ ቋንቋ ነው። ጸሎቱ ግን አልተሰማም። መንደሩ በሦስት ቀን ውስጥ ይለቀቅ የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚዘፈነው ስለ አናቴቭካ የተገጠመው ዘፈን፣ ሰዎቹ የሚተዉት ድስት፣ መጥረጊያ፣ ባርኔጣ ብቻ እንደ ሆነ በመናገር ራሳቸውን ለማጽናናት ሲሞክሩ ያሳያል፤ ዝርዝሩ በረዘመ ቍጥር መጽናናቱ ይጠፋል። ከዚያም መበታተን ነው። ቴቭየ ወደ አሜሪካ፣ የንቴ ወደ ቅድስት አገር፣ ጸይትልና ሞትል ወደ ፖላንድ፣ ሐቫና ፍዮድካ ወደ ክራኮው ይሄዳሉ። በ1964 በኒውዮርክ የተቀመጠ ተመልካች በፖላንድ የነበሩት አይሁድ ከ1939 እስከ 1945 ምን እንደ ደረሰባቸው ያውቃል። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የከተሞቹን ስም መጥራቱ ብቻ በቃው። በሥራው ውስጥ ካሉት ወርቆች ሁሉ ጥልቁ ይህ ዝምታ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይነሣል። ኧርቪንግ ሃው የተባለው ሐያሲ ቴአትሩ በተከፈተበት በ1964 ዓመት በጻፈው ትችት፣ የሾሌም አሌኼም መራራ ቀልድ ወደ ጣፋጭ ትዝታ ተለውጧል ብሎ ወቀሰ። ወቀሳው ማስረጃ አለው። በመጽሐፉ ጎልዴ ትሞታለች፤ የጸይትል ባል ይሞታል፤ ቴአትሩ የድርሻ ታሪክ ያልሰጣት ሽፕሪንጼ ራስዋን ውኃ ውስጥ ጥላ ትጠፋለች። ሐቫም ባሏን ትታ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ቴቭየም ምን ማድረግ ይገባው እንደ ነበር ሰሚውን ይጠይቀዋል። ይህ ታሪክ በ1914 ሲወጣ የተሰጠው ርእስ፣ እግዚአብሔር አብርሃምን ከአገሩና ከዘመዶቹ ተለይቶ እንዲወጣ ያዘዘበት የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 12 ቃል ነው። በመጽሐፉ ስደቱ የኦሪት ቃል መራራ ትርጓሜ ሁኖ ይቀርባል፤ በመድረኩ ይህ መራርነት ቀንሷል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በመጽሐፉ ቴቭየ በገጠር ብቻውን የሚኖር አይሁዳዊ ነው፤ አናቴቭካም ባለ ልኳንዳው የሚኖርባት ጎረቤት ከተማ ናት። ቴአትሩ ግን ቴቭየን በአናቴቭካ መካከል አኖረው፤ ዙሪያውንም በአንድ ድምፅ በሚዘምር ማኅበር ከበበው። ለዚህ መልክ ምንጭ ከሆኑት አንዱ ማርክ ዝቦሮቭስኪና ኤልዛቤት ሄርዞግ በ1952 ያሳተሙት ስለ ምሥራቅ አውሮጳ አይሁድ ከተሞች የሚናገር የኢትኖሎጂ መጽሐፍ ነው። ሮቢንስም የሥራ ባልደረቦቹ እንዲያነቡት ሰጥቷቸው ነበር። መጽሐፉ ሩት ቤኔዲክት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከመሠረተችው የባህሎች ጥናት የወጣ ነው፤ መቅድሙንም ማርጋሬት ሚድ ጽፋለች። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ በቦታው ተገኝተው አልጻፉትም፤ ከተሞቹ ከጠፉ በኋላ በኒውዮርክ ከሚኖሩ ስደተኞች አፍ የተሰበሰበ ትዝታ ነው። ባርባራ ኪርሸንብላት ጊምብሌት በ1995 ለታተመው እትም በጻፈችው መግቢያ፣ መጽሐፉ ብዙ ዐይነት የነበሩትን ከተሞች እንደ አንዲት ከተማ፣ ያችንም ከተማ ጊዜ እንደማይነካት ደሴት አድርጎ ማቅረቡን መርምራለች። ትዝታ ኢትኖሎጂ ሆነ፤ ኢትኖሎጂውም ዘፈን ሆነ፤ ዘፈኑም በተራው ለብዙ ሰዎች የአያቶቻቸው ትዝታ ሆነ። የባህል ተመራማሪ ሊፈራው የሚገባ ክበብ ይህ ነው።

ታዲያ ሥራው በዚህ ምክንያት ይናቅ ማለት አይደለም። አናቴቭካን የ1905 ዩክሬይን ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስ ይሳሳታል፤ አንድ ሕዝብ ወጌ ብሎ የሚጠራውን ነገር እንዴት እንደሚፈትሽ የሚያሳይ ድርሰት አድርጎ የሚያነብበው ግን አይሳሳትም። ቴአትሩ በ1967 በቶኪዮ በታየ ጊዜ አንድ ጃፓናዊ፣ ይህን ያህል ጃፓናዊ የሆነውን ነገር አሜሪካኖች ሊረዱት ይችላሉን ብሎ እንደ ጠየቀው ጆሴፍ ስታይን ደጋግሞ ተርኳል። አባትና ልጅ በጋብቻ ላይ የሚከራከሩበት አገር ሁሉ ሰሙን የራሱ ያደርገዋል። ወርቁ ግን ከዚህ የጠበበና የከበደ ነው። ከውስጥ የሚመጣ ለውጥና ከውጭ የሚመጣ ጥፋት አንድ አይደሉም። ጸይትልና ሆድል የለወጡትን ቴቭየ በገዛ ቋንቋው መልስ ሰጥቶበታል፤ በሐቫ ላይ መልስ አጥቶ ቆሟል፤ የመንግሥቱ ትእዛዝ ግን ጥያቄም አልነበረም። ስለ አንድ ሕዝብ ወግ መጥፋት የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይለይ ዘመን ለወጠው ብሎ ቢያልፍ፣ ልጆቹን በአሳዳጆቹ ጥፋት ይከሳል፤ አሳዳጆቹንም ነጻ ያወጣል።

በመጨረሻው ትዕይንት በመግቢያው እጅ ለእጅ የተያያዘው ክበብ ተፈትቶ ሰዎቹ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ቴቭየ ጋሪውን እየጐተተ ሲሄድ የቫዮሊኑን ድምፅ ይሰማና ዘወር ይላል፤ መቺውንም በእጁ ይጠቅሰዋል። እርሱም መሣሪያውን በብብቱ ይዞ ይከተለዋል። ጣራው በአናቴቭካ ቀርቷል፤ ቫዮሊን መቺው ግን ከጣራው ወርዶ በእግሩ መንገድ ጀምሯል።